አንድ ራስ ለሦስት ወገን፦ የዳንግላው የራጅ ጉዞዬ

ማክሰኞ

ዳንግላን ሳያይ የሚሞት ሰው ብዙ ነው። እኔም አለቃዬ ባይነሳብኝ ኖሮ ከእነሱ አንዷ ሆኜ በሰላም እኖር ነበር። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ማንሳት ነው። ዘመኑ ደግሞ የዘመቻ ዘመን ነው፤ ፊደል ማስቆጠሩ ዘመቻ፣ እርከን መሥራቱ ዘመቻ፣ ቡና ለቀማው ዘመቻ። እኛስ ከማን እናንሳለን ተባለና በመሥሪያ ቤታችን «የራስ ራጅ ጨረር ቅነሳ ዘመቻ» ታወጀ። ጭብጨባው ሲያልቅ ዘማች ተፈለገ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሰበብ የላት፤ እኔ ተገኘሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ራጅ ሲነሱ በአካል ውስጥ የሚያልፈው ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ማንም አይፈራውም። ሐኪም ሲያዝ አንድ ሁለቴ መነሳት ሰው አይገድልም፤ ጥቅሙ ይበልጣል። ያለ ምክንያት የተጨመረው ግን ትርፉ ስጋት ብቻ ነው፤ በተለይ ለዓይን፣ በተለይ ገና ለሚያድግ የልጅ ራስ። እኔ የተላክሁት አገው ምድር አውራጃ ውስጥ፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ወዳለ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ወንድም ሶሻሊስት አገር አንድ የራጅ መሣሪያ ለግሶታል፤ ባለሙያውን በትንሽ ጨረር ማንሳት ላስተምር ነው ጉዞዬ። አለቃዬ ሲሸኘኝ «ውጤቱን በመቶኛ አምጪልኝ» አለኝ፤ ከመርካቶ ስኳር ግዢልኝ በሚል ድምፅ።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ሻንጣዬ ቀላል ነበር። የከበደው በዱቄት ከረጢት ጠቅልዬ የያዝሁት የእርሳስ ሽርጥ ነው፤ ጨረር እንዳያልፍ ውስጡ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ስላለበት የሚለብሰው ሰው እንደ ነፍሰ ጡር ወገቡን ይይዛል። አባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ያለው ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ከረጢቱን ብድግ ሊያደርግ ሞከረና ተወው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽርጥ ነው።»

«ሽርጥ እንዲህ ይከብዳል? ወጥ የምትሠሪው ከድንጋይ ነው?»

«የሐኪም ቤት ነው። ከጨረር ይከላከላል።»

«ጨረር ደግሞ ምንድን ነው?»

«የማይታይ ነገር ነው።»

ምላሴን በቆረጠው! በዚያ ዘመን ከማይታይ ነገር የሚከላከል ከባድ ልብስ ይዞ ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ምን እንደሚባል ሕፃን ያውቃል። ጥይት የማይበሳው ልብስ ነው ተባለ። ታጣቂው ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛው አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሽርጡን ራሱ ለበሰና በኬላው ፊት ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ሊተኩስበት ያስባል ብዬ ሰጋሁ፤ ደግነቱ ከለበሰው በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣለት። አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ እኔን ይራገማል። በመጨረሻ የይለፍ ወረቀቴን ማኅተም አገላብጦ አየና «ሂጂ፤ ሌላ ጊዜ ግን ቀለል ያለ ሽርጥ ልበሺ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ከነሙሉ አክብሮቱ ተቀበልሁ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋ ቤቱ «ንጹሕ አልጋ» ይላል በሩ ላይ፤ ንጹሕ ነው፣ ትኋኖቹ ጠራርገው ነው የሚበሉት። ጉለሌ ቤቴ ያለችውን ጠባብ አልጋዬን ስንት ጊዜ እንደረገምኋት አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ረቡዕ

ቡሬን አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ቅያሪ ጎማ አለ ብሎን ነበር። አለ፤ አልዋሸም፤ ግን እሱም ቀድሞ የፈነዳ ነው። ሾፌሩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ዛፍ ሥር ተኛ። አንዲት ወደ ዳንግላ የምትሄድ ሴት የቋጠረችውን ቆሎ ለመንገደኛው ሁሉ አደለች። አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ሰው ቆሎ ቢሰጠኝ መርዝ አለበት ብዬ ለፖሊስ እነግር ነበር። እዚህ እጄን ሁለቴ ዘረጋሁ።

ጎማው ተለጥፎ እንጅባራ ስንገባ ሊመሽ ነው፤ ሾፌሩ ከዚህ አላልፍም አለ። የአገሩ ሰው ከተማዋን ኮሶበርም ይላታል። ጉለሌ ብርድ አለ ብዬ ዕድሜ ልኬን ሳማርር ኖሬአለሁ፤ ጉለሌ ብርድ የለም። እንጅባራ ነው ብርድ ያለው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰማች እትዬ ጠጁ የምትባል ሴት ከመንገድ ላይ ጎትታ ቤቷ አስገባችኝ። አልጋ የምታከራይ መስሎኝ ዋጋ ብጠይቃት ተቆጣች፤ «እንግዳ ነሽ ኮ!» አለችኝ፣ ስድብ እንደተሳደብሁ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣና ትኩስ የገብስ ዳቦ አቀረበች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ዝማሬዋን ማጀት ውስጥ በሹክሹክታ ነው የምትለው፤ ድንቹን ስትልጥ ሰማኋት፣ እንዳልሰማሁም ሆንሁ።

ሥራዬን ስነግራት ፊቷ በራ።

«ራጅ? ውይ እሱማ መድኃኒት ነው! ራሴን ሲፈልጠኝ ከርሞ ያ ያንቺ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተነሳሁ፤ በአንድ አልለቀቀኝም፣ በሁለተኛው ነው የለቀቀኝ።»

«እትዬ ጠጁ፣ ራጅ እኮ ያሳያል እንጂ አያድንም።»

«አንቺ አልዳንሽም ማለት ነው» አለችኝ በሐዘኔታ፣ ድንችም ጨመረችልኝ። የራሷን ጋቢ አልብሳኝ እሷ በነጠላ አደረች። ጠዋት ልከፍል ብል እንደገና ልትቆጣ ስትል ብሩን ወደ ኪሴ መለስሁት። ዘመቻዬ በመጀመሪያው ግንባር ድል ተመትቷል።

ሐሙስ

በጭነት መኪና ዳንግላ፣ ከዳንግላ በጋሪ ጤና ጣቢያው ደረስሁ። ጋሪው ላይ ሽርጡን ሲጭን ባለጋሪው ፈረሱን ይቅርታ ሲጠይቀው ሰማሁ። እዚህ አገር ፈረስ የሚከበረው ከሰው በላይ ነው፤ ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው በሙሉ ሜዳ ወጥቶ ይጋልባል፣ ጉግስ ይጫወታል። በማግስቱ የተሰበረው ሁሉ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋል።

የራጅ ባለሙያው ፈንታሁን ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ከገበሬው ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። ተቀብሎ እጄን ሳመኝ፣ ወንበር በጋቢው ጠረገልኝ። ከዚያ ክፍሉን አሳየኝ። ወይ ጉድ! ጨረሩ የሚወጣበት የመሣሪያው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ራስ ሊያነሳ ሰውዬውን እስከ እንብርቱ ይመታዋል። ከመስኮቱ ፊት የሚገባው ስስ የአሉሚኒየም ሳህን፣ የማይጠቅመውን ደካማ ጨረር የሚያስቀረው፣ የለም።

«የት ሄደ?»

«አወጣሁት። ፎቶውን ያደበዝዝብኛል።»

በር ላይ የተሰለፉትን አየሁ፤ ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ አንዱ ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቷል። ፎቶ ስለተባለ ነው። ፈንታሁንም ሁሉንም ፊት ለፊት ነው የሚያነሳቸው፤ ጨረሩ በዓይናቸው በኩል ገብቶ በማጅራታቸው ይወጣል።

«ፊታቸውን ወደ ፊልሙ አዙረህ ከማጅራት በኩል አንሳቸው። ዓይናቸው ይተርፋል» አልሁት።

«ከጀርባ? እንዴ! ሞክሬ ነበር እኮ። አንዱ ‹ጀርባዬን ለማን ልታሳይ ነው› ብሎ ተቀየመኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉ መስኮቱን ሳጠብብ፣ ሳህኑን ከመሣቢያ ፈልጌ ስመልስ፣ ሰውን እየለመንሁ ሳዞር ዋልሁ። ቅቤ የተቀባው ሰውዬ በፀጉሩ ቦታ ማጅራቱ ስለሚነሳ ቅር ቢለውም ዞረልኝ። ሽርጡን ለፈንታሁን አለበስሁት፤ ደስ አለው፤ ማታ ቤቱ ይዞት ሊሄድ ሁሉ ፈልጎ ነበር። እሰይ፣ ቀነስሁ ብዬ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ ስል ነው፣ ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ «ነገ ደግሞ የስመኝ ሦስተኛዋ ናት» ያለኝ።

«ሦስተኛዋ ምኗ?»

«ፎቶዋ።»

ስመኝ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። በጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው ዳር ቆማ ስታይ ቢምረው የሚባል ባላገር ፈረሱ ደንብሮ መታት፣ ራሷ ተሰነጠቀ። አባቷ አየነው ወዲያው አምጥቶ አስነሳት፤ ስንጥቁ ታየ፣ ታከመች፣ እየዳነች ነው። እስከዚህ ድረስ ደንበኛ ሕክምና ነው። ነገሩ ግን ወደ ሽማግሌ ሄደ፤ በዚህ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር ሳይታረቅ አይታለፍም። አየነው ፎቶውን ይዞ ሊቀርብ ነው ሲባል ቢምረው ለእኔም ይነሳልኝ አለ፤ እሱ ማስረጃ ይዞ እኔ ባዶ እጄን አልቀመጥም አለ። ትክክል ነው ተባለ። ፊልም ማባዛት ይቻል ነበር፤ ማባዣው ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ፈንታሁን የልጅቷን ራስ እንደገና አነሳ። የማን ራስ እንደሆነ በምን እናውቃለን ስለተባለም ከሁለቱም ወገን እማኞች ክፍሉ ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«ውስጥ? ጨረሩ ሲለቀቅ?»

«እማኝ ውጭ ሆኖ ምን ያያል?» አለኝ ፈንታሁን። «እንዲያውም አንደኛው ሲያነጥስ ልጅቷ ዞር አለችና ተበላሸ፣ ደገምን።»

ሦስተኛው ደግሞ የሽማግሌዎቹ ድርሻ ነው። ዳኛ የራሱ ከሌለው በማን ይፈርዳል?

ተቀመጥሁ። መስኮት ሳጠብብ፣ ሳህን ስፈልግ መዋሌን አስቤ ራሴ ላይ ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ አልጣመኝም። ለአለቃዬ መቶኛ ብዬ በመስኮት በኩል የቀነስሁት ጨረር በሽማግሌ በኩል ተመልሶ ይገባል። «ነገ አላነሳም» አልሁት ፈንታሁንን። «አንተም አታነሳም።» «እርስዎ ይሄዳሉ፣ እኔ እኖራለሁ» አለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሁለቱም ወገን ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ስመኝ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ጨሌ አንገቷ ላይ ተደርጎላት በእናቷ ጀርባ ናት። ራሷ ላይ ያለው ፋሻ ነጭ ነው፣ ታጥቦ። ራስሽን ያምሻል ወይ አልኋት።

«አያምም። ዛሬ በጀርባዬ በኩል ነው ወይ የምነሳው?» አለችኝ። ወሬው ደርሷታል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ተገኝቷል፤ ይህ ሰው ሰርግም ላይ፣ ተዝካርም ላይ፣ ራጅም ላይ ይገኛል። አላነሳም ስል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ ነው የጠየቀ።»

«ሰፊው ሕዝብ የራሱን ራስ ያስነሳ፤ የዚህችን ልጅ ራስ ግን አላነሳም።»

«ማንን ወክለሽ ነው?»

«ራሷን።»

ቢምረው ተነሳ፤ ግርማ ያለው፣ ጢሙ የሸበተ ባለፈረስ ነው። እሱ ፎቶውን ይዟል፣ ለእሱ ግድ የለውም፤ ግን ሽማግሌዎቹ የራሳቸው ሳይኖራቸው በአየነው ፎቶ ቢፈርዱ አልቀበልም አለ። አየነውም በቢምረው ፎቶ ቢፈርዱ አልቀበልም አለ። ጩኸቱ በረታ። የስመኝ እናት ልጇን ጠበቅ አድርጋ አዘለች፤ አላነሳም ማለቴ እንደ ንፍገት ሆኖባት ይሁን እንደ ርኅራኄ እኔ እንጃ።

ያን ጊዜ ትልቁ ሽማግሌ አያ ጥሩነህ ጭራቸውን አወዛወዙና ዝም አሰኙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጎዳል ነው የምትይ?»

«ሲያስፈልግ ጥቅሙ ይበልጣል፣ አያ። ሳያስፈልግ ነው መጥፎው። እንደ ፀሐይ ማለት ነው። ሲሞቁት ደግ ነው፤ ሕፃን ቀኑን ሙሉ አስጥተው ሲተዉት ግን...»

«ስንጥቁ በመጀመሪያው ታይቷል?»

«ጥርት ብሎ።»

«ሁለተኛው ምን ጨመረ?»

«ለቢምረው ፎቶ ጨመረ። ለልጅቷ ምንም።»

«የገባባት ተመልሶ ይወጣል?»

«ጨረሩስ አልፎ ሄዷል፤ ያደረሰው ጉዳት ካለ ግን አይመለስም፣ አያ።»

ከዚያ «ይህን እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አሉ፣ ወደ ፈንታሁን ሳይሆን ወደ እኔ እያዩ። ወደ መሥሪያ ቤቴ እያዩ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን እሱ አዲስ አበባ ነው፣ የተገኘሁት እኔ ነኝ። መሣሪያውን ስንልክ ጭብጨባ አብረን ልከናል፣ ይህን ግን አልላክንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን።

አያ ጥሩነህ ተነሱና ለሁሉም በአዊኛ ተናገሩ፤ ፈንታሁን ጆሮዬ ሥር ተረጎመልኝ። «እኛ ዳኝነታችን እኩል ማድረግ ነው። እንግዲህ እኩል እናድርግ። አንዱ ፎቶ አይበቃኝም የሚል ወገን ካለ፣ ስመኝ ከመነሳቷ በፊት የራሱን ልጅ ያምጣና እዚያ የፊልሙ ሣጥን ላይ ራሷን ያስደግፋት። እኛ ሽማግሌዎቹም ከፈለግን የልጅ ልጆቻችንን እናመጣለን።»

ቢምረው የስመኝ እኩያ ልጅ አለችው። ሁሉም ያውቃል። ማንም ወደ እሱ አላየም፤ ሁሉም ወደ መሬት አየ። ሊቀመንበሩ እንኳ ሰፊውን ሕዝብ ረሳው።

«የመጀመሪያው ይበቃል» አለ ቢምረው በመጨረሻ።

አንዱን ፊልም አያ ጥሩነህ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት፤ አየነውና ቢምረው ግራና ቀኝ ቆመው አዩ። ጣቴን ዘርግቼ ስንጥቁን አሳየሁ፤ ቀጭን ናት፣ እንደ ፀጉር። አንዱ ሽማግሌ ስንጥቁን ትቶ ባዶውን የዓይን ጉድጓድ እያየ «እንዲህ ነው ወይ የምንመስለው?» አለ። ዕርቁ ሳይውል ሳያድር ተፈጸመ፤ ስመኝ ደህና እስክትሆን ድረስ የእሷን ውሃ የሚቀዱት የቢምረው ልጆች ይሆናሉ፣ ፈረሱም ዘንድሮ ሜዳ አይወጣም። ይህን ሲሰማ ቢምረው ከፎቶውም በላይ ተጎዳ። ለዘለቄታው ደግሞ ሕግ አወጡ፦ ከእንግዲህ ለአንድ ራስ አንድ ፎቶ፣ እሱም ሽማግሌ እጅ ይቀመጣል፣ እማኝም በሩ ላይ ቆሞ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያያል እንጂ ውስጥ አይገባም። እኔ ይዤው የመጣሁት መመሪያ ብዙ ገጽ ነው፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለበትም።

ሰዉ ወደ ጠላው ሲሄድ ስመኝ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«የእኔስ ፎቶ?»

ለአባቷ ደርሷል፣ ለባለፈረሱ ደርሷል፣ ለሽማግሌዎቹ ደርሷል። ለባለራሷ አልደረሳትም። የቢምረውን ድርሻ ተቀብዬ ሰጠኋት፤ አገላብጣ አየችውና «ፀጉሬን አላሳየም» ብላ ቅር አላት።

ቅዳሜ

ለመመለስ ጋሪ ስፈልግ ቢምረው በፈረሱ መጣ። ሜዳ እንዳይወጣ እንጂ እንግዳ እንዳያደርስ አልተከለከለም አለ። ሽርጡ ለፈንታሁን ስለቀረ ሻንጣዬ ብቻ ነው ያለው። እኔን አስቀምጦ እሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። እኔ በሕይወቴ የተቀመጥሁበት ከፍተኛው ነገር የአውቶቡስ መቀመጫ ነው፤ የኮርቻውን ጫፍ ጨብጬ ስንቀጠቀጥ ዞር ብሎ እያየ በጢሙ ይስቃል። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይሳለመዋል፤ እኔንም የተማረከች ከተሜ ይመስል ያየኛል። በዚህ ላይ የምናገረው ቀልድ እየፈለግሁ ነበር።

ዳንግላ ሊታይ ሲል ቀስ አለ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«ያን ዕለት ልጅቷን ከፈረሱ እግር ሥር ያነሳኋት እኔ ነኝ። አባቷ ከሜዳው ማዶ ነበር። ራሷን በዚህ እጄ ደግፌ ነው ጤና ጣቢያው ድረስ የሮጥሁ። አጥንቱ ሲከፈት በመዳፌ ተሰምቶኛል።»

ከኮርቻው ላይ ልወድቅ ደረስሁ። «ታዲያ ተሰብራለች አልተሰበረችም ብለው ነው ፎቶ የጠየቁት?»

«ኧረ ለምን ብዬ! አውቅ የለም እንዴ? እነሱ ይዘው እኔ ባዶ እጄን ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ቀልድ መፈለጌን ተውሁ።

ልጓሙን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ። «ያ በእኔ ምክንያት የገባባት... ዋስ ሆኜ ልውሰድላት አይቻልም? አዲስ አበባ ድረስም እመጣለሁ። እኔ ላይ አድርጉት።»

«ከሰው ወደ ሰው አይዛወርም፣ ጋሽ ቢምረው።»

«በምንም?»

«በምንም።»

ወደ ከተማው መግቢያ ስንደርስ ቆሞ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«እሺ ምን ትሆናለች?»

እውነቱን ነገርሁት፤ ከዚህ የተሻለ እውነት ሳይንሱም የለውም። «ምናልባት ምንም አትሆንም።»

«ምናልባት» አለ።

ከፈረሱ አወረደኝ። ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሱ ሰቀለልኝ፣ ገመዱን ሁለቴ አሰረው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አየሁት፤ ልጓሙን ትቶ፣ የቀኝ መዳፉን ገልብጦ እያየ ቆሟል።